ወፏ መርፌ አትወድም

ሕመሜ የጀመረው በአፍንጫዬ ነው። ክረምቱ ሊወጣ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ እያለ መመለስ በጀመረበት ሰሞን፣ ከእናቴ ጋር ጓሮ ገባን። በእኛ ቤት ይህ እንደ ሥርዓት የተያዘ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የዳባት ጭቃ እግር ስለሚውጥ ከደጃፉ መደብ ጎመን ከመቁረጥ በቀር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የለም። መስከረም ሲጠባ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከፊት፣ እኔ መኮትኮቻ ይዤ ከኋላ፣ ክረምቱ የተወልንንና የወሰደብንን ለማየት እንገባለን። ድንቹን ዋግ መትቶት ይሆናል፤ ባቄላው ወድቆ ይሆናል፤ አጥሩ ተንዶ የጎረቤት በግ ገብቶበት ይሆናል። እናቴ ያየችውን ሁሉ እንደ ዳኛ ጮክ ብላ ትፈርዳለች። «ይሄ ድኗል። ይሄ አልቆለታል። ይሄን እግዜር ያውቃል።»

ያን ዕለት ነጭ ሽንኩርቱ ድኖ ነበር። አንድ ራስ ነቅዬ አፈሩን ሳራግፍ ሽታው ሆዴን ገለበጠው። አጥሩ ሥር ተንበርክኬ አስመለሰኝ።

«በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ማን አስረገዘሽ?» አለች እናቴ እየሣቀች።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ባል የለኝም። እኔም ሣቅሁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ፊደል የቆጠርሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ላይ ክፉ ይሆናል። ሰው ቃል ሲሳሳት ሰምቼ ማለፍ አልችልም፤ ተማሪውንም፣ ርእሰ መምህሩንም፣ እናቴንም አርማለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ቤት ለተቀመጡና እነሱን ለሚያስታምሙ ስለሆነ፣ እዚህም ቃሌን እንደዚያው ለመጠንቀቅ እሞክራለሁ።

ከነጭ ሽንኩርቱ በኋላ የዘይት ሽታ፣ ቀጥሎ የማንኛውም ምግብ ሽታ አስጠላኝ። መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ። ከመደርደሪያው ሥር ያለችውን አጭር ወንበር ይዤ አንድ ረድፍ መጽሐፍ ሳልደረድር ይደክመኝ ጀመር። ሽንቴ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ። ጉንፋን ነው ብዬ አለፍሁት። ምች ነው ያሉኝም ነበሩ። አንድ ጧት እናቴ ጓሮ ውስጥ አገጬን ያዘችና «ወደ ፀሐይ ዙሪ» አለችኝ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ አየች።

«የወፍ በሽታ ነው» አለች። ሌላ ነገር ሳትናገር ወደ አጥሩ ሄደች።

አጥራችን ስሚዛ ነው፤ ሌላ ቦታ ሰንሰል ይሉታል። ከብት ስለማይደፍረው ለአጥር ይመረጣል፤ ቅጠሉ ደግሞ ለወፍ በሽታ ይጨመቃል። የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳ። የሌሊት ወፍ በላዩ ስታልፍ ጥላዋ ያረፈበት ሰው ቢጫ ይሆናል ይባላል። በሽተኛው ስሚዛ ይጠጣል፤ ሐኪም ቤት አይወሰድም። «ወፏ መርፌ አትወድም» ይባላል። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው አይተርፍም ማለት ነው።

እናቴ ለዚህ ምስክር ነበራት። አባቴ ነው ምስክሩ። ያኔ የምንኖረው ዛሪማ አጠገብ ነበር፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ዋሴ ወንድሜ ጡት አልጣለም። አባቴ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። እናቴ በስሚዛ አስታመመችው። ሳምንቱ ሳምንት እየወለደ ሄደ። ሆዱ ተነፋ። በመጨረሻ ወንድሞቹ ቃሬዛ ሠርተው ሐኪም ያለበት አደረሱት። መርፌ ወጉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴ «መርፌ» ስትል ስሙን እንደምታውቀው ነፍሰ ገዳይ ነው።

እና የሰጠችኝን ጠጣሁ። ያነበበ ሰው እንዴት ይህን ይጠጣል የሚል አይጠፋም። እናቴ በእጇ ጨምቃ፣ በእጇ አጥልላ፣ ጽዋውን ከአፌ አስጠግታ «በሞትሁት፣ ጨርሺው» ስትለኝ መጽሐፉ ሁሉ የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

መረረኝ። አስመለሰኝ። ደግማ ሰጠችኝ። ቆዳዬ ያሳክከኝ ጀመር። በጥፍሬ ደማሁ። ሆዴ ከበደ። ቀን ቀን ተኛሁ። ከዚያ ቃል ይጠፋኝ ጀመር። «መጋረጃውን ክፈቺው» ማለት ፈልጌ «ማጭዱን ክፈቺው» አልሁ። እናቴ ሣቀች። ለካ እኔ አልሣቅሁም ነበር። ስህተቱን አልሰማሁትም።

ዋሴ ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር፣ የፓርክ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ፣ ነው። ለመስቀል ፈቃድ አግኝቶ ወረደ።

«እታለም፣ የሳንቃ በር ቀበሮ እንኳ ዓይኑ እንዲህ አይበራም» አለኝ ከበሩ ላይ። ሊያሥቀኝ ነበር። ቀርቦ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። «ስሜ ማን ነው?» አለኝ።

አሰብሁ። አላገኘሁትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን የማውቀው እሱ ከነገረኝ ነው።

«መኪና ልፈልግ» ብሎ ተነሣ።

«ወዴት?» አለች እናቴ።

«ደባርቅ፣ ሆስፒታል።»

«ይወጓታል! ወፏ መርፌ አትወድም፣ ስንቴ ልንገርህ?»

«ይውጓት! አንቺስ ሳትወጊ እየጨረስሻት አይደል?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላን ወጣች።

ደባርቅ ላይ ያየኝ ዶክተር ወጣት ነው። ሆዴን ተጫነ። እጄን ዘርግቼ መዳፌን ወደ ኋላ እንዳጥፍ ነገረኝ፤ እጄ እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበ። ምን እንደጠጣሁ ጠየቀ። ዋሴ ነገረው። ደም ሊቀዱኝ ሲሉ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ዶክተሩ አያት።

«እማማ፣ መርፌው ሰው አይገድልም» አላት በትሕትና። «የሚገድለው መዘግየቱ ነው። በሽተኛው ቤት ይቆይና ጉበቱ ካለቀ በኋላ ያመጡታል። ሲሞት መርፌው ይከሰሳል።»

እውነቱን ነው። ክፋትም አልነበረበትም። እናቴ ግን በነጠላዋ ውስጥ እንዳለች ወደ ግድግዳው ዞረች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ውጤቱ ሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሆነ። ወደ ጎንደር ተላክሁ። ግሉኮስ ተሰካልኝ። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን በደሜ ውስጥ ከፍ ብሎ ነበር፤ ደሜ ለመርጋት ይዘገይ ነበር። ከጎኔ የተኛችው ሴት የኔው በሽታ ነበረባት። እሷ ሞታ ዐልጋዋ ለሌላ ሰው ተነጠፈ። የኔ አልተነጠፈም። ለምን እኔ እንደተረፍሁ ምክንያት ልሰጣችሁ አልችልም።

ጭንቅላቴ ሲጠራ ሐኪሞቹ ያስረዱኝ ይህን ነው። ቫይረሱ በዚያ መስከረም የያዘኝ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ከልጅነቴ፣ ምናልባትም ከተወለድሁበት ቀን ጀምሮ አብሮኝ ኖሮ ያን ጊዜ ተቀሰቀሰ። ቅጠሉ ባበጠ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም ሆነበት። ቴኖፎቪር የሚባል እንክብል ታዘዘልኝ፤ በየቀኑ የሚዋጥ፣ ሐኪም ካላቆመው የማይቋረጥ።

«ሄፓ ምን?» አለች እናቴ ስነግራት።

«ሄፓታይተስ።»

«የፈረንጅ ስም አውጥታችሁ በሽታውን አከበራችሁት። ወፍ ነው።»

ወደ ዳባት የተመለስሁት ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ነው፤ ጓሮው ደርቆ፣ የጧት ውርጭ የጎመኑን ጠርዝ ማቃጠል ጀምሮ ነበር። ዶክተሩ በጥቂቱ እንድራመድ አዝዞኝ ስለነበር ጓሮው ሐኪሜ ሆነ፤ መጀመሪያ እስከ ደጃፉ መደብ፣ ቀጥሎ ድንቹ ተቆፍሮ እስከተነሣበት ባዶ መሬት፣ ኋላ እስከ ታችኛው አጥር እየሄድሁ፣ በየመሀሉ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ እየተቀመጥሁ፣ እናቴ በመስከረም ያልጨረሰችውን ፍርድ ስትጨርስ እሰማ ነበር። ስሚዛውን ዳግም አልጨመቀችልኝም። ስለ እሱም አልተናገረችም። የነቢያት ጾም ሲገባ የነፍስ አባታችን ራሳቸው መጥተው «እንክብልሽን በሰዓቱ ዋጪ፤ ጾሙን እኔ እጠየቅበታለሁ» ሲሉኝ፣ እሷ ከእኔ ቀድማ «ሰማሽ?» አለችኝ። ዓይኔ ቀስ በቀስ ነጣ፤ እከኩ ተወኝ፤ ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሲያልፍ ሆዴ ዝም አለ፤ እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

ሐኪሞቹ ግን አንድ ነገር አዝዘው ነበር። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ይመርመር ብለው ነበር። ዋሴ ተመረመረ፤ ነጻ ሆነና ክትባቱን ጀመረ። እናቴ እምቢ አለች።

«የኔ ደም በስተርጅና ምን ሊያወራ ነው?»

ለመንኋት። የመድኃኒቱን ወረቀት አነበብሁላት። ከጎንደር ያመጣሁትን በራሪ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላት። መርፌው እንደማይገድል ደግሜ ደጋግሜ አስረዳኋት፤ ተማሪ እንደሚያስረዱት። አንድ ጧት ጓሮ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ዘር ስትመርጥ፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«አባትሽን መርፌው ካልገደለው፣ ማን ገደለው ትይኛለሽ?»

መልስ ነበረኝ። ቫይረሱ ነው ልል እችል ነበር። የጠየቀችኝ ግን ስለ ቫይረስ አልነበረም። ደባርቅ ላይ ዶክተሩ ሲናገር ወደ ግድግዳው የዞረችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። መርፌው ነጻ ከወጣ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ቤት አቆይታ ስሚዛ ያጠጣችው እሷ ትቀራለች። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ዘመን በመርፌው ተከልላ ኖራለች። እኔ በራሪ ጽሑፍ ይዤ ያን ከለላ እየነቀልሁባት ነበር።

ማንበብ ተውሁ።

ግን እያየሁ ነበር። እግሯ ማታ ማታ ያብጣል። ፊቷ ሲከሳ ሆዷ ይወፍራል። ሁለት ዙር ይታጠቅ የነበረው መቀነቷ አንድ ዙር ብቻ ይደርስላት ጀመር። የካቲት ላይ ራሷን ከበዳት።

«ዋግምት ብታገም ይለቀኝ ነበር» አለች።

ዋግምት ማለት ቆዳን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ በቀንድ ደም መሳብ ነው። በወጣትነቷ ሁሌ ትታገም ነበር።

«ደባርቅም ደም ያወጣሉ» አልኋት።

«እነሱማ በመርፌ ነው።»

«የሚያስገባው መርፌ ሌላ ነው፣ እማ። ይሄ የሚያወጣው ነው። ምንም አይጨምሩብሽም።»

«እንግዲያ ዋግምት ነው በያ» አለችኝ።

ሰው ቃል ሲሳሳት ማለፍ አልችልም ብዬ ነበር። ዋግምትና የላቦራቶሪ ምርመራ አንድ አይደሉም።

«አዎ» አልሁ። «ዋግምት ነው።»

ያመነችኝ አይመስለኝም። የምትገባበት በር ፈልጋ ነበር፤ ከፈትሁላት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ክንዷን ዘርግታ ደም የምትቀዳውን ልጅ ገላመጠቻት። «ቀንድሽስ የታለ?»

ልጅቱ ወደ እኔ አየች። በዓይኔ ጠቀስኋት። «ቀንዱ ድሮ ቀረ፣ እማማ» አለች። «አሁን በዚህች ነው የምናግመው።»

«ይቺማ የቁንጫ ቀንድ ናት።»

አልሞተችም። መኪና ውስጥ ስንገባ ክንዷን ደጋግማ ታየው ነበር።

ውጤቱ ያው ሆነ፤ የኔው ቫይረስ። ጎንደር ላይ በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ጉበቷ ጠጥሮ ነበር። ሲሮሲስ ይሉታል። ዶክተሩ በኮሪደሩ ላይ ነገረኝ። «የጠጠረው አይመለስም። መድኃኒቱ የቀረውን ይጠብቅላታል። ለእብጠቱም እንሰጣታለን። ምን ያህል እንደምትቆይ ግን ልነግርሽ አልችልም።»

ያኔ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ የነበረኝን ጥያቄ ጠየቅሁት። እኔ ልጅ እያለሁ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ገና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ቢመጣላችሁ ኖሮ ምን ይደረግለት ነበር?

ጥቂት አሰበ። «ያኔ? ለዚህ ቫይረስ መድኃኒት አልነበረንም። ምንም።»

ይህን ቃል ለብዙ ወር ይዤው ቆየሁ። እንዴት አድርጌ እንደምሰጣት አላውቅም ነበር።

ክረምቱ እናቴን ዐልጋ ላይ አገኛት። ሐምሌ ከበዳት። ነሐሴ ከበዳት። ውኃ ከሆዷ ቀዱላት፤ መርፌ ነው፤ ስሙን አልጠየቀችም። አሁን ይህን ስጽፍ መስከረም ጠብቷል፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ብቻ እየመጣ ይመለሳል። ትናንት ጧት «ጓሮውን አይተሽ ነይ» አለችኝ።

ብቻዬን ገባሁ። ጭቃው ገና አልጠናም። ስመለስ ትራሷን ከፍ አድርጌ ከዐልጋዋ ጫፍ ተቀመጥሁ።

«እህ?»

«ድንቹን ዋግ መትቶታል። ቅጠሉ ጠቁሯል፤ ሥሩን ቆፍሬ አየሁት፣ ግማሹ በስብሷል።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«ውኃ ተኝቶበታል። የታችኛው መደብ አልቋል።»

«ሌላ ሰው ቢሆን አምሯል ይለኝ ነበር» አለች። «አንቺ ለታማሚ እንኳ አትዋሺም።»

«አልዋሽም።»

ወደ ጣሪያው አየች። «እንግዲያ ንገሪኝ። አባትሽን ቀድሜ ብወስደው ኖሮስ?»

«ጠይቄ ነበር» አልኋት። «ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ቀን ብታደርሺውም የሚሰጡት አልነበራቸውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ያለቀሰች መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አላለቀሰችም። እጇ ብቻ ብርድ ልብሱን ጨብጦ ነበር፤ ለቀቀው።

«መርፌውንም በከንቱ ነዋ የከሰስሁት» አለች። ቀጥላ «ጎመኑን አልነገርሽኝም» አለችኝ።

«ጎመኑ ድኗል።»

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሆይ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግናቸው ብዙ ናቸው። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ከዐልጋ ያነሣኝን ወንድሜን፣ ደባርቅና ጎንደር ላይ ያከሙኝን፣ ለእናቴ ስትል «እናግማለን» ያለችውን ልጅ አመሰግናለሁ። እናቴንም አመሰግናለሁ፤ ስሚዛውን የጨመቀችው እጅ ያሳደገኝ እጅ ነው።

ምክሬም ይህ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ የምግብ ሽታ ሲያስጠላችሁ፣ ቀን ሳታሳልፉ ተመርመሩ። ጉበታችሁ ታሞ ሳለ ቅጠል አትጠጡ፤ አረቄና ጠላም ይቅርባችሁ። በቤታችሁ አንድ ሰው ከተገኘበት ሌሎቻችሁም ተመርመሩ፤ ነጻ የሆነ ይከተብ፤ ሕፃን ሲወለድ ክትባቱ እንዳያልፈው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የታማሚውን ሳህን አትለዩበት። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ እንዳይቋረጥባችሁ እንክብላችሁን አስቀድማችሁ ያዙ። ለእናቴ «ዋግምት ነው» ያልኋት ደግሞ ለእናንተ አይሆንም፤ እውነተኛው ዋግምት ምላጩ ከሰው ወደ ሰው ከዞረ ይህንኑ ቫይረስ ያስተላልፋል።

በሽተኛውን ያዘገየው ሰው በቤታችሁ ካለ አትክሰሱት። ራሱን ሲከስ ስንት ዓመት እንደኖረ አታውቁም። ለአባቴ የነበረው መልስ «ምንም» ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ የኔ እንክብል እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ የእናቴም ከጎኑ። እሷ ዘግይታ ደረሰችበት። እናንተ ዛሬ ሂዱ።